ጎማው ፊት የቆሙት ሰው

ደብረ ማርቆስ ላይ «ባለጌው ጎሚስታ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ያሳዩአችኋል። ስሜ ይበልጣል ነው፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን ከስድቤ የተረፈ ሰው ብቻ ነው። ቄስ ተቆጥቻለሁ፣ የወረዳ ሹም ገፍትሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ አማቴን «ከዚህ ይጥፉ!» ብያቸው ሦስት ወር ሙሉ አላነጋገሩኝም። ዘንድሮ ጉልበቴ አልታዘዝ ቢለኝ ሥራውን ተውኩት። የሰፈሩ ሰው ሊመርቀኝ ተሰብስቦ፣ በምርቃቱ መሃል አንዱ «እንግዲህ እጅህም አፍህም ይረፍ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ባለጌ ሆኜ አልተወለድኩም። እንዴት እንደሆንኩ ሳልናገር መሞት ስላልፈለግኩ ይህን ጻፍኩ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ በሚነሣበት፣ ትልቅ ሰው ሳይናገር አፍ በማይከፈትበት ቤት ነው። ቅኔው አልገባልኝ ሲል ቤቱን ትቼ ወጣሁ፤ ይሉኝታውን ግን ይዤው ወጣሁ። የመንገድ ሥራ ላይ ጥቂት ዓመት ድንጋይ ከሰበርኩ በኋላ ደጀን ወርጄ አንድ ጋራዥ ውስጥ በጎሚስታነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ የሚነገር አይደለም፣ እዚያ ላይ አልቆይም።

ደጀን ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለ ከተማ ነው። ያን ቁልቁለትና ዳገት ጨርሶ የሚመጣ የጭነት መኪና ጎማው እጅ አያስነካም፣ ያተኩሳል። ለጎሚስታ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። መምህሬም ጋሼ ሙሉነህ የሚባሉ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ በወጣትነታቸው አንድ ጎማ አጠገባቸው ፈንድቶ ነው። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ «ጆሮ ሁለት ነው» ብለው ያልፉታል።

ጋሼ ሙሉነህ ጎማ ከመግጠማቸው በፊት ቸርኬውን፣ ማለት ጎማው የሚቀመጥበትን የብረት ክብ፣ ዙሪያውን በጣታቸው ይዳስሱታል። እኔ በዓይኔ አይቼ «ንጹሕ ነው ጋሼ» ስላቸው መልስ አይሰጡኝም። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ስጠጋ የደረቀ ጭቃ ወይም የዝገት እብጠት አገኛለሁ። ያን በብረት ብሩሽ አስፍቀው፣ ቀጥሎ ተልባቸውን ያመጣሉ። ሌላው ጎሚስታ የጎማውን ጠርዝ ለማንሸራተት የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። እሳቸው ግን ዘይት ጎማ ይበላል ብለው ቤታቸው ተልባ አፍልተው፣ ልጥልጡን በጣሳ ይዘው ይመጡ ነበር። ጠርዙንም ቸርኬውንም በዚያ ይለቀልቁታል። ያንን ሥራ ሰው እንዲሠራላቸው አይፈቅዱም።

አየር መሙላት ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ረጅም የአየር ቱቦ ይዘው ወደ ጎን ይርቃሉ፤ ከጎማው ይልቅ የሰዉን እግር ነው የሚመለከቱት። አንድ ጫማ ወደ ጎማው ፊት ከተራመደ የሚወጣውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። «ዞር በል! አንተ ረጅሙ፣ ትርፍ ነፍስ አለህ?» የሚለው ለስላሳው ነው። ሹፌሮች ሲንጫጩባቸው «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብለው አየሩን ይዘጉና ሁሉም እስኪርቅ ቁጭ ይላሉ። የጋራዡ ባለቤት ደንበኛ ሸሸብኝ እያለ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው ግን በሚሰማውም ጆሯቸው አይሰሙትም።

እኔ አፍር ነበር። ስድቡ ካለፈ በኋላ ተከትዬ እየሄድኩ «አይቀየሙ፣ ጠባያቸው ነው» እያልኩ ይቅርታ እጠይቅላቸዋለሁ። አንድ ቀን ደረሱብኝ።

«ምን እያልካቸው ነው?»

«ሰዎቹ እንዳይቀየሙ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ይቀየሙ እንጂ! ያንተ ሥራ ጎማ ነው፣ የሰው ፊት አይደለም» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። እኔም በልቤ፣ እጃቸውን እወስዳለሁ፣ አፋቸውን ግን እተውላቸዋለሁ አልኩ።

ከደጀን ወጥቼ ጉንደ ወይን ላይ ሁለት ዓመት ለሌላ ሰው ሠራሁ፤ ከዚያ ማርቆስ መጥቼ የራሴን ቤት ከፈትኩ። አሮጌ ፒክአፕ ላይ የአየር መጭመቂያ አስጫንኩ። ጊዜውም ትራክተር ወደ ስንዴው አገር መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ትራክተር ማሳ መሃል ጎማው ሲወልቅ ወደ ከተማ ሊመጣ አይችልም፤ ጎሚስታው ነው የሚሄደው። ስልኬ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ የምሰማው «ጎማው ከቸርኬው ወጣ፣ ድረስልን» የሚል ነው።

ይህ የትራክተር ጎማ ካላማዳሪ፣ ማለት የውስጥ ጎማ፣ የለውም። አየሩን የሚይዘው ጎማው ራሱ ነው፤ የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ሲቀመጥ ብቻ። አየር ያነሰው ጎማ ተዳፋት ላይ ሲታጠፍ ጠርዙ ከቦታው ይወጣል። መመለሱ ጣጣ ነው። አየር ብትሞላው በክፍተቱ ይወጣል፤ ክፍተቱ የሚዘጋው ደግሞ አየር ሲሞላ ነው። ስለዚህ የጎማውን ወገብ ዙሪያውን በገመድ አስረህ፣ ገመዱን በዱላ እያከረርክ ታጠብቃለህ። ወገቡ ሲጨመቅ ጠርዞቹ ወደ ውጭ ይገፋሉና ክፍተቱ ይጠባል። ከዚያ አየር በኃይል ትለቃለህ። ጠርዙ ሲይዝልህ ገመዱን ትፈታለህ፣ ከዚያ በዝግታ ትሞላለህ። ጠርዙ ቦታው ሲገባ «ጧ!» ይላል፣ ቀጥሎ የቀረው ጎን «ጧ!» ይላል። መለኪያው ሠላሳ አምስት ደርሶ ያ ድምፅ ካልተሰማ፣ አየሩን አውጥተህ እንደገና መጀመር ነው። ከዚያ በላይ መሙላት የለም። በጠርዙ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ከተበጠሰ ጎማው የሚሄድበት አይታወቅም።

ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያጠፋሁት።

ሰኔ ነበር፣ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ። የትራክተሩ ባለቤት ይርሳው የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ነው። አባቱ አያ ፈንቴ በዚያ አገር የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ፣ ሲናገሩ ሰው ጉሮሮውን እንኳ የማይጠርግባቸው። ስደርስ ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ተጋድሟል ማለት ይቀላል፤ የኋላ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ተጨማድዷል። ተራቸውን የሚጠብቁ ገበሬዎች ዘር ይዘው ከበውታል። የዘር ጊዜ ቀን አይቆጥርም፣ ሰዓት ነው የሚቆጥረው።

ክሪኩን አግብቼ አነሣሁት። ቸርኬውን ጠረግኩ፤ በጣቴ ግን አልዞርኩትም፣ ጨርቅ ነው የሮጠበት። ተልባም አልያዝኩም ነበር፤ የሳሙና ውሃ ቀባሁ። ገመዱን አከረርኩ፣ አየር ለቀቅኩ፣ ጠርዙ ያዘ። ሰዉ «ጎሽ!» አለ። አያ ፈንቴም ሥራዬን ሊያዩ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና በትራቸውን ተደግፈው ልክ ጎማው ፊት ቆሙ።

«አያ ፈንቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ» አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ከበሬ ቀንድ ያልሸሸሁ ሰው ከጎማ ልሽሽ?» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

መለኪያው ሠላሳ አምስት ሞላ። አንደኛው ጎን «ጧ!» ብሎ ገባ። በሌላው በኩል ግን ክንድ የሚያህል ቦታ ላይ ጠርዙ ቀርቷል። አየሩን አውጥቼ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። የዘሩን ከረጢት አየሁ፣ የሰዉን ዓይን አየሁ። እንደገና ብል ሥራ አያውቅም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ልጨምርለት አልኩ። አርባ። ጎማው መንጣጣት ጀመረ፤ ቀጭን፣ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። አያ ፈንቴ ወደ እኔ አዩ። እኔም አየኋቸው። ዞር ይበሉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ እንደገና ሰዉ ፊት እንዴት አድርጌ? አርባ አምስት።

ድምፁን አልሰማሁትም። የማስታውሰው አቧራውን ነው፣ ከዚያም በትራቸው ሩቅ ወድቃ ማየቴን። አያ ፈንቴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። አልጮኹም። «ልጆች፣ ጋቢዬን ጣሉብኝ» አሉ። በቃሬዛ ተሸክመን መንገድ አወጣናቸው፤ ማርቆስ ሆስፒታል በሦስተኛው ቀን እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያን ቀን የተፈታው ግን የእኔ መታጠቂያ አልነበረም፣ የሰው እግር ነው።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ስድስት ቀን ተቀመጥኩ። የሚብሰው ነገር፣ ቤተሰቡ ለበሽተኛው ምግብ ሲያመጣ ለእኔም ጨምሮ ያመጣ ነበር። ማንም «ምን አድርገህ ነው?» አላለኝም። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ብረት ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም» አሉና በአንድ ቃል ዘጉት። እኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለመናገር ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ተው፣ ተው፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጉልበት ይሳማል። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ብርድ ልብሱን ስዳብስ ያለው አንድ ጉልበት ብቻ ነበር። እሱን ሳምኩ። አያ ፈንቴ ራሴን ዳበሱኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሼ ሙሉነህ ወሬውን ሰምተው ከደጀን መጡ። ያኔ አርጅተዋል። ቤቴ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አየሩ ስንት ነበር?»

«አርባ አምስት።»

«ሰውዬው የት ነበሩ?»

«ፊት ለፊት።»

«ነግረሃቸዋል?»

«አንድ ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ።»

«አንድ ጊዜ መንገር ለይሉኝታ ነው፤ ላለመወቀስ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። የቀረበላቸውንም ሳይበሉ በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ሥራዬን ለመተው አሰብኩ፤ ሌላ የማውቀው የለም። ስመለስበት ግን አፌ ተለውጦ ነበር። የመጀመሪያው ስድብ ሲወጣኝ ላብ አጠመቀኝ፤ ሁለተኛው ቀለለ። ከዓመት በኋላ ሰው ስሜን ረስቶ ባለጌው ይለኝ ጀመር። ደንበኛ ጠፋብኝ፤ ግን ከዚያ ወዲህ እኔ በሞላሁት ጎማ ፊት ሰው ቆሞ አያውቅም።

አሥር ዓመት አለፈ። ባለፈው ኅዳር ስልኬ ጮኸ፤ ይርሳው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ጋሼ ይበልጣል፣ ትራክተሩ ጎማው ወጣብኝ። ሌላውን ጎሚስታ ብደውልለት አጣሁት። ስንዴው ተከምሯል፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።»

የለሁም ማለት እችል ነበር። ተልባ አስፈልቼ ሄድኩ።

ክምሩ ከአንድ ዓመት ድካም የተረፈው ሁሉ ነው፤ ትራክተሩ ደግሞ የመውቂያውን ማሽን የሚያዞረው እሱ ነው። በጮቄ በኩል ደመናው ወርዶ ተራራውን ሸፍኖታል። ዝናቡ ክምሩን ካገኘው ስንዴው ይበቅልበታል፣ ዓመቱ ያበቃል። ለወንፈል የመጣው ጎረቤት መንሹን ይዞ ቆሟል። የይርሳው እናት ክምሩ ላይ ሸራ ለማልበስ ይጣደፋሉ፣ ሸራው ግን አይበቃም።

ሥራዬን ጀመርኩ። ቸርኬውን በጣቴ ዞርኩት፤ ሁለት ቦታ ጭቃ አገኘሁና ፋቅኩ። ተልባውን ለቀለቅኩ፣ ገመዱን አከረርኩ፣ አየር ለቀቅኩ፣ ያዘ። ሰዉን ሁሉ አባረርኩ፤ «አንተ ባለ መንሹ፣ ሂድ ክምሩን ጠብቅ! አንቺ ባለ አንቀልባዋ፣ ልጅሽን ያዢ!» ወደ መለኪያው ዞርኩ። ሠላሳ አምስት። አንደኛው ጎን ገባ፣ ሌላው ቀረ። ደግሞም ክንድ በሚያህል ቦታ።

አየሩን አወጣሁት። ሲወጣ ያለው ፉጨት ከሰዉ ማጉረምረም ጋር ተደባለቀ።

«ገብቶ ነበር እኮ! ትንሽ ቢጨምርበት ምናለ?» አለ አንዱ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጠርዙን በሌቫው ብረት ፈልቅቄ መልሼ፣ ተልባውን ጨምሬ፣ ጎማውን ሩብ ዙር አዟዙሬ ገጠምኩ። ቀና ስል አያ ፈንቴ በሁለት ምርኩዝ መጥተው፣ ልክ ጎማው ፊት ለፊት ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ምርኩዞቹን ጎናቸው አጋድመዋቸዋል። ሁሉም ያን ቀን ያስታውሳል።

«አያ ፈንቴ፣ ይነሡ።»

«ቆይ ልየው። ከእንግዲህ ምን ይወስድብኛል ብለህ ነው?» አሉ በፈገግታ።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የትራክተሩ ቆርቆሮ ላይ አረፈ።

«ይነሡ ብያለሁ!» ጮኽኩ። «እርስዎ እዚያ ተቀምጠው አየር አልለቅም። ክምሩ ይበስብስ! አንድ እግር አልበቃዎትም? ሁለተኛውንም ላስቆርጥልዎ? አያፍሩም፣ እንደ ልጅ ጎማ ፊት የሚጎለቱት!»

የይርሳው እናት ሸራውን ለቀቁት። ይርሳው ዘሎ አንገትጌዬን ያዘኝ፤ «አባቴን ነው? አንተ? በምን አፍህ?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ልመታ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የአየር ቱቦውን ግን አልከፈትኩም።

«ልቀቀው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ ፈንቴ ምርኩዛቸውን ይዘው እየተነሡ ነበር። ዞር ብለው ወደ ማሽኑ ጀርባ ሄዱ። ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ ጠብታው ይበረታል፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃቸውን እቆጥራለሁ። ሰዉ ሁሉ ተከተላቸው። ይርሳው የመጨረሻው ሆኖ ሄደ፣ እያየኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ወደ ጎን ርቄ አየሩን ከፈትኩ። ሃያ። ሃያ አምስት። ሠላሳ። ምንም የለም። ጌታዬ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ፣ አልኩ። ሠላሳ ሁለት ላይ «ጧ!» አለ። ሠላሳ አራት ላይ የቀረው ጎን «ጧ!» ብሎ ገባ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ማሽኑ ሲነሣ ዝናቡ ገና ይንጠባጠብ ነበር፤ እየተንጠባጠበ ቆየና ደመናው ወደ ሞጣ በኩል ዞረ። ስንዴው ገባ። እኔን ማንም አላነጋገረኝም፣ የይርሳው እናትም ምግብ ብላ ብለው አልጠሩኝም። ዕቃዬን ጭኜ ስጨርስ አያ ፈንቴ ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸው። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«ዛሬ ስለተናገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ደግሞ ያን ጊዜ… የእግዜር ቁጣ አልነበረም አያ ፈንቴ። አየሩን ያበዛሁት እኔ ነኝ። ሊፈነዳ እንደሚችል አውቅ ነበር። እርስዎን ሰዉ ፊት ማባረር አፍሬ ነው።»

የተሰበሰበውን የሱሪያቸውን እግር አስተካከሉ።

«ጎማው ሲንጣጣ እኔም ሰምቼ ነበር» አሉ። «ሆዴ ፈርቶ ነበር። ግን ከጎማ ልሽሽ ወይ ብዬ ያን ሁሉ ሰው አስቄ፣ እንዴት አድርጌ ልሽሽ? ወደ አንተ ያየሁት ጮኸህ ታባርረኛለህ ብዬ ነበር።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ያን ቀን ሰድበኸኝ ቢሆን ልጄ፣ በሁለት እግሬ ሄጄ ለሽማግሌ እከስህ ነበር።»